ባጫና የጋዜጣው የኋላ ገጽ

ሬዲዮው "ዛሬ የውጭ ጉዳይ ተንታኝ ጋብዘናል" ባለ ቁጥር ሳቄ ይመጣል። ተጋባዡ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ራሽያና ስለ ቱርክ ማውራት ሲጀምር፣ "ኤዲያ! የኔን ባል ባያችሁት" እላለሁ ለብቻዬ። የኔ ባል ባጫ ጉታ ይባላል። ጣሊያን በገዛን አምስት ዓመት ውስጥ፣ እዚህ ጉለሌ፣ ከቀጨኔ መድኃኔዓለም ቁልቁል ባለው ሰፈር፣ ሰው ሁሉ ዓለም ወዴት እየሄደች እንደሆነ የሚጠይቀው እሱን ነበር። ለዚህ ሥራው ደመወዝም ቢሮም አልነበረውም። የሚቀመጠው በራችን ላይ ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩ ዛሬም አለ፣ ልብስ አጥብበታለሁ።

የዚሁ አገር ልጅ ነው። አባቱ በሱሉልታ በኩል የታወቁ የጉማ ሽማግሌ ነበሩ። ሰው ከተጋደለ የገዳይና የሟች ወገን በሽማግሌ ፊት ይቀርባሉ፣ ካሳ ይቆረጣል፣ ከብት ይታረዳል፣ መሐላ ይገባሉ፤ ይኸ ነው ጉማ። ያ ሳይሆን ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ምንጭ ውሃ አይቀዱም፣ አንድ ማዕድ አይቀርቡም። ባጫ ከልጅነቱ ጀምሮ በዚህ ነገር መካከል ነው ያደገው። ይህን ያዙልኝ፤ ያመጣበትን ጣጣ ኋላ እነግራችኋለሁ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነው አንድ የራሽያ ሐኪም ዘንድ ተቀጠረ። ያን ጊዜ "መስኮብ" ነው የምንላቸው። ፈረስ ይጭናል፣ ብልቃጥ ያጥባል። ሐኪሙ ወደ አገሩ ሲመለስ "ና እንሂድ" አለው፤ እሱ ደግሞ እናቱን እንኳ በወጉ ሳይሰናበት ሄደ። በጅቡቲ፣ በስዊዝ ቦይ፣ በኢስታንቡል አልፎ ኦዴሳ የምትባል የባሕር ዳር ከተማ ወረደ። አምስት ዓመት ኖሮ ሲመለስ ያመጣው የመስኮብን ቋንቋ፣ ጥቂት ፈረንሳይኛና እስከ ደረቱ የወረደ ጢም ነው። ገንዘብ አልያዘም። እኔን ሲያገባኝ ያ ጢም ነበረ፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፊቱን በቅጡ ሳላየው ነው ያገባሁት።

ሐኪሙ ኋላ አገሩ ሲታመስ ተሰዶ መጣና እዚሁ ሞተ። የተቀበረው ጉለሌ፣ የፈረንጆቹ መቃብር ነው። ባጫ ነገር ሲከብደው እዚያ ይሄድና ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ በመስኮብኛ ያወራዋል። "ዛሬስ ምን አለህ?" እለዋለሁ ሲመለስ። "ዝም አለኝ" ይለኛል፣ ኮስተር ብሎ። ቀናሁበት ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? በሞተ ሰው!

ጣሊያን ሲገባ ባጫ ሙዘይን ሱቅ ውስጥ ስኳርና ጨው መዛኝ ነበር። ሙዘይን ከወሎ የመጣ ነጋዴ ነው፤ ቀጥተኛ፣ ትንሽ ፈሪ፣ ደግ ሰው። መጠቅለያ የሚሆነውን የጣሊያን አሮጌ ጋዜጣ በእስር በእስር ይገዛ ነበር። ባጫ በፈረንሳይኛዋ ተደግፎ ጣሊያንኛውን ቀስ በቀስ ፈታው። ከዚያ ወዲያ ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ስኳሩን ለማግኘት ግማሽ ቀን ይቆማል። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ያስተካክለዋል፣ ያነበዋል፣ ይገለብጠዋል፣ "ቆይ፣ ይኸኛው አይጠቀለልበትም" ይላል። ሙዘይን "አንተ ሰውዬ፣ ጨው በምን ልጠቅልል? በኮቴ?" እያለ ይጮኽበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፊቱን ገጽ አያነብም። "የፊቱ ገጽ የተጻፈው ለኛ ነው፤ የኋላው ገጽ ግን ለራሳቸው የተጻፈ ነው" ይላል። በኋላው ገጽ ላይ የሚያየው የመርከብ ቀጠሮ፣ የጭነት ዋጋ፣ የሚሸጥ ቤት፣ የሚፈለግ ሠራተኛ ነው። ጋዜጦቹን በቀን በቀን ደርድሮ ከአልጋችን ሥር ያስቀምጣቸዋል። አይጥ እዚያ ወለደች፤ እኔ ነኝ ያወጣኋት።

አንድ ቀን፣ ሠላሳ አንድ ዓመተ ምሕረት መጋቢት ላይ፣ "ወደ አልባንያ የሚሄደው ጭነት ሦስት ሳምንት ሙሉ ከጋዜጣው ጠፍቷል። ጣሊያን ጎረቤቱን ሊውጥ ነው" አለ። ማን ናት አልባንያ? ማንም አያውቃትም። ወሩ ሳያልቅ ጣሊያን አልባንያን ያዘ። ከዚያ ወዲያ እኛ በር ላይ ገበያ ቆመ በሉት። ሸማኔው፣ እንጨት ሻጩ፣ ቄሱ ሳይቀሩ ይመጣሉ። ድንጋይ በድንጋይ እያደረገ አገሮቹን መሬት ላይ ይዘረጋላቸዋል። ትልቁ ጥቁር ድንጋይ መስኮብ ነው። የተሰበረው የእንስራዬ አንገት ኢስታንቡል ነው። "መስኮብ ቤቱ ሰፊ ነው፣ የባሕር በሩ ግን በቱርክ እጅ ነው። በዚህ በር አልፌያለሁ፣ በጣም ጠባብ ነው" ሲል ሁሉም አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። ጆሮ ጠቢ እንዳይመጣ እኔ እንዝርቴን ይዤ አፋፉ ላይ ቁጭ ብዬ መንገዱን እጠብቃለሁ። ጥጥ ፈታይ ነኝ፤ ፈትሌን ለቀጨኔ ሸማኔዎች ነው የምሸጠው፣ በዚያ ነው የምንኖረው። ስፈትል ያየ ጣሊያን አይጠረጥረኝም።

አይ ባጫ! ያን ጊዜ ኩራቱ ልክ አልነበረውም። ጢሙን በማበጠሪያ ያበጥራል። እኔም ብሆን ኮራሁ፣ ምን እዋሻለሁ። ገበያ ስወርድ "የባጫ ሚስት" ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የዚያው ዓመት ነሐሴ ፍልሰታ ሊፈታ ሲል ወሬ ተናፈሰ፤ ጀርመንና መስኮብ ሊታረቁ ነው ተባለ። ሰው ሁሉ ሙዘይን ሱቅ ተሰበሰበ። ባጫ ሳቀ። ሆዱን ይዞ ነው የሳቀ።

"በመካከላቸው ስንት ደም እንዳለ ታውቃላችሁ?" አለ። "ባለፈው ጦርነት ስንት ሚሊዮን ሰው ተላልቋል! ማን ሽማግሌ ገባ? ካሳው ስንት ተቆረጠ? ከብቱ የት ታረደ? ደም የተቃባ ሰው ጉማ ሳይወጣ ማዕድ አይቀርብም። እነዚህ ሁለቱ ከታረቁ ይህን ጢሜን እላጨዋለሁ!"

መሸሻ የሚባል ጎረቤታችን ሸማኔ ነው፤ አፉ እንደ መወርወሪያው አያርፍም። "ምላጩን እኔ አመጣለሁ" አለ።

ወሩ ሳይሞላ ታረቁ። ታረቁ ብቻ አይደለም፣ ፖላንድ የምትባለውን አገር መካከላቸው አስቀምጠው ተካፈሏት። መሸሻም ቃሉን ጠበቀ፤ ምላጩን ስሎ መጣ። ባጫ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ ተላጨ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ፈዝዤ ቀረሁ። አገጩ ስርጉድ ነው! ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ስርጉድ ደብቆብኝ ኖሯል። "አንተ! ይኼን ይዘህ ነው ዝም ያልከው?" አልኩት። ሊስቅ ሞከረና አቃተው።

ከዚያ ወዲያ ምላሱን ዋጠ። ይመዝናል፣ ይጠቀልላል፣ ቤቱ ይገባል። ድንጋዮቹን ሰብስቦ አጥር ሥር ጣላቸው። በየሳምንቱ ይላጫል፣ ጢሙ ሊበቅል ሲል ያፍርበታል መሰለኝ። አንድ ቀን እራት ላይ "ውቤ፣ እነዚህ ሰዎች ሽማግሌ የላቸውም። ያላቸው መስሎኝ ነበር። በአባቴ ሥርዓት የሰው አገር ለካሁ" አለኝ። ሰው ስህተቱን እንዲህ ሲናገር ምን ይባላል? ወጡን ጨመርኩለት።

እንዲህ ሆኖ ስምንት ወር አለፈ። ሠላሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት አጋማሽ ላይ የዓለምወርቅ መጣች።

የዓለምወርቅ ከኛ ሦስት ቤት አለፍ ብላ የምትኖር ልጅ ናት፤ ልጅ የምላት ከኔ በጣም ስለምታንስ ነው። ባሏ ለታ፣ የሾዴ ልጅ፣ ከየካቲቱ እልቂት በኋላ በሌሊት ልብሱ እንጦጦን ተሻግሮ አርበኛ ሆነ። ያን ጊዜ ልጃቸው ደራርቱ የአርባ ቀን ልጅ ነበረች፤ አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል፣ አባቷን አታውቀውም።

"ጋሽ ባጫ፣ ጣሊያኖቹ አስጠርተውኝ ነበር" አለች፣ ቁጭም ሳትል። "እስከ ሰኔ ሠላሳ እጁን ከሰጠ ምሕረት አለው፣ መሬትም ይመለስለታል አሉኝ። ካልገባ ግን ቤቴ ይወረሳል፣ እሱም ከተያዘ ይሰቀላል። ሰው ልኬበት ነበር። 'ጥይትም እህልም አልቆብናል፣ ጓደኞቼም እንግባ እያሉ ነው፣ ከተማ ያለሽው አንቺ ነሽ፣ የምትሰሚውን ላኪብኝ' አለኝ። ምን ልበለው? ይግባ ወይስ ይቆይ?"

"እኔን አትጠይቂኝ" አለ ባጫ። "እኔ ጨው መዛኝ ነኝ።"

"ማንን ልጠይቅ ታዲያ?"

"ልጄ፣ በፊት ስሳሳት ጢሜ ነው የሄደው። አሁን ብሳሳት የሰው አንገት ነው።"

እሷም እንባዋ መጣ። እኔ ነገሩ ከነከነኝና ተነሣሁ። እኔ ስቆጣ አልታገሥም፣ ሰፈሩ ያውቀኛል። "አንተ ሰውዬ!" አልኩት። "ስትመካ ነበር ዝም ማለት የነበረብህ! ያን ጊዜ ማንም ሳያስፈልገው እንደ ጉድ ታወራ ነበር፤ ዛሬ ሰው ሲያስፈልገው ጨው መዛኝ ሆንክ? ብትሳሳት ከሷ ጋር ትሳሳታለህ። አፍህን ክፈት!"

ወደሷ ዞረ። ከዚያ "ሁለት ቀን ስጪኝ" አላት።

ሁለቱን ቀን ሙዘይን ሱቅ ጓዳ ውስጥ ተቀበረ። ሙዘይንም መጠቅለያውን ሁሉ ፈታለት፤ "ብቻ ሰው አያይህ፣ በአላህ" ይለዋል በሩን እያየ። በሁለተኛው ቀን ወደ ሐኪሙ መቃብር ሄደና ሳይቆይ ተመለሰ። ምን አለህ አላልኩትም። አጥር ሥር የጣላቸውን ድንጋዮች ለቅሞ መልሶ በሩ ላይ ዘረጋቸው። የዓለምወርቅ ስትመጣ ሁለት ጋዜጣ ጉልበቱ ላይ ነበር።

"የማውቀውንና የማላውቀውን ለየብቻ ነው የምነግርሽ" አላት። "ሳታደባልቂ ላኪለት።"

መጀመሪያ የሚያውቀውን ነገራት። ከጥር ጀምሮ በየሳምንቱ፣ በኋላው ገጽ በታችኛው ጥግ፣ ከምጽዋ በስዊዝ አድርጎ አገራቸው የሚገባ መርከብ ቀጠሮ ይወጣ ነበር። ትንሽ የመርከብ ሥዕልም አለበት። ከሚያዝያ ማለቂያ ወዲህ ግን በዚያ ጥግ ላይ መርከቡ የለም፤ የመኮረኒ ማስታወቂያ ተተክቶበታል። ሙዘይን ያዘዘው ስኳር ምጽዋ አልደረሰም። የሹሞቹ ሚስቶች ከነልጆቻቸው ወደ አገራቸው እየተላኩ ነው።

"ስዊዝ የእንግሊዝ በር ነው" አለ፣ ድንጋዩን በጣቱ እየነካ። "ጣሊያን መርከቡን ከዚያ በር እያሸሸ ነው። ሰው ከብቱን ከጎረቤቱ ግቢ የሚሰበስበው ሊጣላው ሲል ነው። እነዚህ ይጣላሉ። እንግሊዝ ደግሞ ሱዳንና ኬንያ ላይ ነው ያለው፣ አጥራችን ሥር። ከተጣሉ ጠቡ እዚህ ይደርሳል።"

"የማያውቁትስ?" አለች።

"መቼ እንደሚጣሉ አላውቅም። ወርም ሊሆን ይችላል፣ ዓመትም ሊሆን ይችላል። ማን እንደሚያሸንፍ አላውቅም። መስኮብና ጀርመን ምን እንደሚያደርጉ ከእንግዲህ አወቅሁ አልልም። ያኔ እንደተሳሳትኩ አሁንም ልሳሳት እችላለሁ። ይህንንም ንገሪው፤ እንዳትረሺ።"

"እርስዎ ቢሆኑስ ኖሮ፣ ጋሽ ባጫ?"

ጋዜጦቹን አጣጠፈ። እኔም እንዝርቴን አቆምኩ።

"እኔ ብሆን አልገባም" አለ።

ከሱሉልታ ቅቤ ይዛ የምትመጣ አንዲት ሴት ነበረች፤ መልእክቱ የሚሄደው በሷ ነው። ለታ ፊደል አያውቅም። ስለዚህ ባጫ ሁለቱን ገጾች፣ መርከቡ ያለበትንና የሌለበትን፣ ሁለት እሽግ ጨው አድርጎ ጠቀለለባቸው። ኬላ ላይ ያለ ወታደር በጋዜጣ የተጠቀለለ ጨው ቢያይ ምን ይላል? የጉለሌ ጨው ሁሉ በጋዜጣ ነው። ቃሉን ደግሞ ሴትየዋ በቃሏ ያዘች፤ ባጫ ሦስት ጊዜ አስደገማት። "አላውቅም" ያለውን ስትዘልበት "ተመለሽ፣ ከዚያ በፊት ያለው ቀርቷል" ይላታል። ሴትየዋ ሄደች። ከዚያች ቀን ወዲያ ግን አልተመለሰችም። መልእክቱ ይድረስ፣ በመንገድ ይቅር፣ እሷ ትያዝ፣ የምናውቀው ነገር አልነበረም።

ሰኔ ሦስት ቀን ማታ አራዳ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ ጣሊያን እንግሊዝንና ፈረንሳይን መውጋቱ ታወጀ። መሸሻ ሽቅብ እየሮጠ መጣ፣ ትንፋሹ ተቆርጦ "ባጫ! ባጫ! ተጣሉ!" አለ። የዓለምወርቅ እልል ልትል አፏን ስትከፍት በእጄ ያዝኩት፣ ጆሮ ጠቢ እንዳይሰማን። ባጫ ግን "ገና ነው" አለ። "መጣላታቸውን እንጂ መሸነፋቸውን አልሰማንም።"

እውነቱን ነበር። ሰኔ ሠላሳ ደረሰ፣ ለታ አልገባም፤ ቢገባ ኖሮ ወሬው ይሰማ ነበር። ጣሊያኖቹ እንዳሉት የዓለምወርቅን ከቤቷ አስወጥተው ሌላ ሰው አስገቡበት። እኛ ጋ መጣች፣ ልጇንና አንድ የመኝታ ጀንዲ ይዛ። ነሐሴ ላይ ጣሊያን በሶማሌ ባሕር ዳር ያለችውን በርበራን ከእንግሊዝ ነጠቀና ከተማው ሁሉ በባንዲራ ተሸፈነ። ያን ሰሞን መሸሻ "የባሕሩ በር የሱ ነው ያልከው እንግሊዝ ይኸው በባሕር ፈረጠጠ" አለው። ባጫ ጨው መመዘኑን ቀጠለ። የዓለምወርቅም አልወቀሰችውም። ብትወቅሰው ይሻለው ነበር፤ አንገቷን ደፍታ ጥጥ ትባዝታለች፣ ያ ነው የሚገድለው።

እኔ ነኝ ክፉ የተናገርኩት። አንድ ጠዋት ደራርቱ ጥቁሩን ድንጋይ አንሥታ ስትጫወት "ይኼ የማን ነው?" አለችው። "የመስኮብ" አላት። "አባቴስ የቱ ጋ ነው?" አለችው። ድንጋዩን ከእጇ ተቀብሎ ቦታው መለሰው። ያን ጊዜ "ንገራት እንጂ! ኦዴሳን ታውቃለህ፣ ሱሉልታን ግን አታውቅም! የልጅ አባት አስጠፍተህ በድንጋይ ትጫወታለህ!" አልኩት። አፌን በቆረጠው። አፍህን ክፈት ያልኩት እኔው ነበርኩ። እሱ ግን ያን አላነሣብኝም፤ "ልክ ነሽ" ብሎ ወደ ሥራው ሄደ። ያን ቀን ሙሉ ፈትሉ እየተበጠሰብኝ ዋልኩ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ እንግሊዝ ገባ። ሚያዝያ ሃያ ሰባት ባንዲራችን ወጣ። ስለ ደስታው አልነግራችሁም፣ ሁሉም ነግሯችኋል። አርበኞቹ ጎፈሬያቸውን እንደተሸከሙ በእንጦጦ ወረዱ። ባጫ በየጠዋቱ ወደ መንገዱ ይወጣል፤ ለሚወርደው ሁሉ "ለታ ሾዴን ታውቃላችሁ?" ይላል። አንዱ "ሞቷል" ይለዋል። አንዱ "ወደ ጅማ ከዘመቱት ጋር አለ" ይለዋል። አንዱ ስሙንም አያውቀው። ማታ ሲመለስ የዓለምወርቅ ፊቱን ታየዋለች፣ ከዚያ ወደ ምድጃው ዞር ትላለች። ግንቦት አለቀ። መላጨቱን ተወ፤ ጢሙ ሽበት ብቻ ሆኖ በቀለ። መድኃኔዓለም ስለት ተሳልኩ። ባጫ እህል አልገባለት አለ፤ ክፉኛ ቀጠነ።

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ አንድ እሑድ፣ በራችን በሰው ተጥለቀለቀ። መሸሻ ከፊት ነው፣ ሙዘይንም አለ፣ ሸማኔው ሁሉ አለ። ሬዲዮ ሰምተው ነው የመጡት።

"ባጫ ውጣ! ጀርመን መስኮብን ወጋው!" ይላል መሸሻ። "ጉማ ያልወጣበት ዕርቅ ፈረሰ! ብለህ ነበር እኮ! እኔ ነኝ ጢምህን የላጨሁህ፣ አፈር ልብላ፣ ይቅር በለኝ!"

ሙዘይን አንድ ሙሉ እስር ጋዜጣ ተሸክሞ መጥቷል፤ "ይኸው ያንተ ነው፣ አልጠቀልልበትም" ይላል። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ባሌን አክብሮት አላየሁም። የጠበቀው ቀን ይኸ ነበር። ገባሁና "ውጣ እንጂ፣ ዓለም ሁሉ ልክ ነህ እያለህ ነው" አልኩት።

አልጋው ላይ ተቀምጧል። "ሁለት ዓመት ዘግይቶ ልክ መሆን ምን ይረባል?" አለኝ። ከዚያ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ሰዎቹ ድንጋዮቹን ዘርግቶ እንዲነግራቸው ነው የሚጠብቁት።

"ጀርመንን ተዉት" አለ። "ከናንተ መካከል ለታን ያየ አለ?"

ያየው አልነበረም። አንድ በአንድ ሄዱ።

ከዚያ ስምንት ቀን ቆይቶ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣ አንድ ጎፈሬው ትከሻው የደረሰ ቀጭን ሰው ጠመንጃ አንግቶ በራችን ላይ ቆመ። አላወቅሁትም። "እትዬ ውባለም፣ ቤቴ ሌላ ሰው አለበት። የኔ ሰዎች የት ናቸው?" አለኝ። ድምፁን ነው ያወቅሁት። የዓለምወርቅ የምትባዝተውን ጥጥ እንደያዘች ወጣች። የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ፤ ጮኸች፣ ወደቀችበት፣ ጥጡ ጎፈሬው ላይ ተጣበቀ። ደራርቱ ከቀሚሴ ኋላ ተሸጉጣ "ማነው?" ትላለች። እውነትም ጅማ በኩል ዘምቶ ነው የቆየው፤ ሬዲዮው ጀርመንን ሲያወራ እሱ ጊቤ ማዶ ነበር።

ባጫ ከጓዳ አልወጣም። ለታ ነው ወደ እሱ የገባው። ባጫ ተነሥቶ እጁን ያዘው፣ ከዚያ ፊቱን፣ ከዚያ ትከሻውን፤ እውነተኛ ሰው መሆኑን እንደሚያረጋግጥ ዳበሰው።

"ደርሶህ ነበር?" አለው። "መልእክቱ?"

ለታ ከደረቱ የቆዳ ከረጢት አወጣ። ከውስጡ ሁለቱን ገጾች አወጣ፤ ቅቤና ላብ ጠጥተው ቡናማ ሆነዋል።

"እጅ ልንሰጥ ጓዛችንን አስረን ነበር ጋሽ ባጫ" አለ። "ከጣሊያን ወገን 'በእርግጠኝነት ምሕረት አላችሁ' የሚል ሰው መጥቷል። ከኛ ወገን ደግሞ 'በእርግጠኝነት በወር ውስጥ ነፃ እንወጣለን' የሚል አለ። ሁሉም እርግጠኛ ነው። ከዚያ ሴትየዋ መጣችና 'ባጫ አላውቅም ብሏል' አለች። ጓደኞቼ ሳቁ። እኔ ግን፣ ይኼ ሰው አላውቅም የሚለውን ካልደበቀኝ፣ አውቃለሁ የሚለውንም አልዋሸኝም አልኩ። ጓዜን ፈታሁ። አራቱ ገቡ፤ ሬሳቸውን እንኳ አላገኘንም።"

ኦዴሳን ያየው፣ ቱርክን ያቋረጠው ባሌ ያን ጊዜ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ጠጋ ብዬ ሽበታም ጢሙን በነጠላዬ ጠረግሁለት፤ ስለዚያች ክፉ ጠዋት ይቅርታ የጠየቅሁት በዚያው ነው፣ ሌላ ቃል አልተናገርኩም።

ባጫ ካረፈ አሥራ አንድ ዓመቱ። ሁለቱን ገጾች ሳጥኔ ውስጥ አኑሬያቸዋለሁ፤ አንዳንዴ አወጣቸዋለሁ። የጥር ወሩ ገጽ ደህና ነው፣ መርከቧም ትታያለች። የግንቦቱ ግን መኮረኒው የነበረበት ጥግ ላይ ተቦድሷል፣ ጣት ያሾልካል። ለታ እዚያ ጫካ ውስጥ ልቡ በከዳው ቁጥር፣ ዓመቱን ሙሉ፣ መርከብ የሌለበትን ጥግ በአውራ ጣቱ ሲዳብስ ኖሯል።